ሄልሬይዘር፦ ታሪኩ አልቆ ስሙ ብቻ ሲቀጥል

በ2011 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በጥድፊያ አንድ ሆረር ፊልም ሠራ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀረጻው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አለቀ። በጀቱ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ዋናውን ፍጡር በስምንት ፊልሞች ላይ የተጫወተው ተዋናይ አልሠራበትም። ታሪኩን የፈጠረው ደራሲ ደግሞ ይህ ፊልም የእኔ ልጅ አይደለም ብሎ ትዊተር ላይ በንዴት ካደው።

ፊልሙ «ሄልሬይዘር፦ ሬቬሌሽንስ» ይባላል። በተከታታዩ ውስጥ ዘጠነኛው ነው። አንድ የሆረር ተከታታይ እዚህ ሲደርስ ሰው የሚለው የታወቀ ነው፤ «ሐሳብ አለቀባቸው»። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚህን ፊልሞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻቸዋለሁ፣ የምወዳቸውን ደግሞ ደጋግሜ። ሐሳብ እስከ መጨረሻው ነበረ። ጎበዝ ባለሙያም ነበረ። የተለወጠው ፊልሙ የሚሠራበት ምክንያት ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው የሚናገረው ነገር ስለነበረው ተሠራ። በኋላ ግን ስሙ ከእጅ እንዳይወጣ ብቻ ይሠራ ጀመር። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ከፊልም ፊልም እየተከተሉ ሊያዩት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ምን ነበረ?

ክላይቭ ባርከር የሊቨርፑል ልጅ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአጫጭር ልቦለዶቹ ስም አውጥቶ ነበር። ለሁለት ፊልሞች ስክሪፕት ጽፎ፣ የወጣውን ሥራ ሲያይ ክፉኛ ተበሳጨ። ቀጣዩን ራሴ ዳይሬክት አደርጋለሁ አለ። ከዚያ በፊት አጫጭር የሙከራ ፊልሞች እንጂ ሙሉ ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ኒው ወርልድ ፒክቸርስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ መደበለት። ባርከር በበኩሉ የታሪኩንና የገጸ ባሕርያቱን መብት ለቀቀ። ይህን ውል ያዙልኝ፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመዘዘው።

የመጀመሪያው «ሄልሬይዘር» በ1987 ወጣ። ታሪኩ በአንድ ተራ የለንደን ቤት ውስጥ የሚያልቅ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ፍራንክ የሚባል ሰው የሥጋ ደስታን ሁሉ ቀምሶ ጠግቧል። ከዚያም በላይ ያደርሳል የተባለ አንድ እንቆቅልሽ ሳጥን ይገዛል። ሳጥኑን ሲከፍተው ሴኖባይት የሚባሉ ፍጡራን መጥተው ሥጋውን በመንጠቆና በሰንሰለት ይበጣጥሱታል። ከጊዜ በኋላ ወንድሙ ላሪ ከሁለተኛ ሚስቱ ከጁሊያ ጋር ወደዚያው ቤት ይገባል። ጁሊያ ከፍራንክ ጋር በድብቅ ግንኙነት ነበራት፤ አልረሳችውም። ላሪ ዕቃ ሲያስገባ ሚስማር እጁን ይቀደዋል። ደሙ ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ፍራንክ ከዚያ ወለል ሥር፣ ቆዳ ሳይኖረው፣ መነሳት ይጀምራል። ሙሉ ሰው ለመሆን ተጨማሪ ደም ያስፈልገዋል። ጁሊያ ከመጠጥ ቤት ወንዶችን እያባበለች ታመጣና በመዶሻ ትገድልለታለች።

የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ነው። ጁሊያን የተጫወተችው ክሌር ሂጊንስ ናት። የመጀመሪያውን ሰው ስትገድል ትንቀጠቀጣለች። ትንሽ ቆይቶ ማታ ከባሏ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ላይ ቦክስ ታያለች። ላሪ ደም እንደማትወድ ስለሚያስብ ላጥፋው ወይ ይላታል። የባሰ አይቻለሁ ትለዋለች። ጭራቅ የለም፣ ደምም የለም፣ ግን ከፊልሙ ሁሉ በጣም የሚያስፈራው ይህ ትዕይንት ይመስለኛል። አንዲት ሴት የምትፈልገውን ለማግኘት የት ድረስ እንደሄደች እሷ ራሷ የገባት እዚያ ሶፋ ላይ ነው።

ፊቱ በሙሉ በመስመር በመስመር ሚስማር የተመታበትስ? ዛሬ ፒንሄድ እያልን የምንጠራው ማለት ነው። በመጀመሪያው ፊልም ላይ የሚታየው አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በተዋናዮች ዝርዝር ላይ «መሪው ሴኖባይት» ነው የተባለው። ፒንሄድ የሚለውን ያወጡለት የሜካፕ ባለሙያዎቹ ናቸው። የተጫወተው ዳግ ብራድሌይ የባርከር የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ይህ ፍጡር አይሮጥም፣ አያሳድድም፣ አይጮህም። ሳጥኑን የከፈተ ሰው ጠርቶታል፤ እሱ መጣ፣ የመጣበትን ወስዶ ይሄዳል። ክፋቱን የሚሠሩት ሰዎቹ ናቸው።

ፊልሙ በአሜሪካ ብቻ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከወጪው ጋር ሲተያይ ትልቅ ገንዘብ ነው። ተከታይ መምጣቱ የማይቀር ሆነ።

ፖስተሩ ሲያሸንፍ

ክፍል 2 በዓመቱ በ1988 ወጣ። ቶኒ ራንደል ዳይሬክት አደረገው፣ የባርከር ወዳጅ ፒተር አትኪንስ ጻፈው። እኔ ይህን ፊልም እወደዋለሁ። ሲኦልን ራሱን ማለቂያ የሌለው የድንጋይ መተላለፊያ አድርጎ ያሳያል። በውስጡ ደግሞ የተከታታዩን ሕግ በግልጽ ያስቀመጠ ትዕይንት አለ። አንድ ክፉ ሐኪም መናገር ያቆመች ታዳጊ ልጅ ሳጥኑን እንድትከፍትለት ያደርጋል። ሴኖባይቶቹ ሲመጡ ልጅቷን ሊወስዷት ይጠጋሉ። ፒንሄድ ግን ያቆማቸዋል። የሚጠራቸው የሰው እጅ አይደለም፣ ምኞት ነው ይላል። ልጅቷን ትተው የፈለገውን ሰው ፍለጋ ይሄዳሉ።

ይህ ሕግ እስካለ ድረስ ተመልካቹ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ሲፈርስ የሚቀረው ሰው የሚገድል ፍጡር ነው። እንደዚያ ያለ ፍጡር ደግሞ በዘመኑ ሞልቷል።

የፈጣሪዎቹ ሐሳብ ጁሊያ የተከታታዩ ዋና ክፉ ሆና እንድትቀጥል ነበር። ሁለት ነገር ይህን አስቀረ። ክሌር ሂጊንስ ለሦስተኛው መመለስ አልፈለገችም። ተመልካቹ ደግሞ ልቡን የሰጠው ለፒንሄድ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ፖስተር ላይ ሳጥኑን ይዞ የቆመው እሱ ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያንን ፊት ያውቀዋል። ኒው ወርልድ በዚያ ሰሞን በገንዘብ ችግር ተዘፍቆ ስለነበር የተከታታዩ ባለቤትነት እጅ መቀያየር ጀመረ። ሦስተኛው ፊልም በ1992 ወደ ሲኒማ ሲገባ ያከፋፈለው ዳይሜንሽን ፊልምስ ነው፤ ቦብ ዋይንስቲን ለንግድ ፊልሞች ብሎ በሚራማክስ የፊልም ኩባንያ ሥር ያቋቋመው ክንፍ።

«ሄል ኦን ኧርዝ» የተባለው ክፍል 3 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ፒንሄድ ከአንድ ምስል ከተቀረጸበት ዓምድ ውስጥ ይወጣና አንድ ናይት ክለብ ሙሉ ሰው ይፈጃል። ከዚያ የራሱን አዳዲስ ሴኖባይቶች ይፈጥራል። አንዱ ሲዲ እየወረወረ የሚገድል ዲጄ ነው። ሌላው ካሜራ ዓይኑ ውስጥ የተተከለበት ካሜራማን። ስክሪፕቱ ለዚህ ማብራሪያ አለው፤ የፒንሄድ ሰብዓዊ ግማሽ ስለተለየው ሕጉን የሚያስከብረው ነገር የለም ይላል። አትኪንስ ሞኝ ጸሐፊ አይደለም፤ ሕጉ እንደሚፈርስ ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ ምክንያት ፈለገለት። ፊልሙ አያሰለችም። ግን ከዚህ በኋላ ፒንሄድ እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ገዳዮች እየቀለደ የሚገድል ሰው ሆነ። ሳጥኑ ደግሞ ቁልፍ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስሙን ያስወጣው ዳይሬክተር

አራተኛው፣ «ብለድላይን»፣ ለኔ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ሳጥኑን የሠራው ሰው ማን ነው? ፈረንሳይ ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ አሻንጉሊት ሠሪ ነው። ዘሮቹ ደግሞ የእሱን ስህተት ለማረም ሲታገሉ ይኖራሉ፤ አንዱ በዘመናችን ኒው ዮርክ፣ ሌላው በ2127 ጠፈር ላይ። ሦስት ዘመን፣ አንድ የዘር ሐረግ፣ አንድ ዕዳ። ጥሩ ልቦለድ የሚወጣው ሐሳብ ነው።

ዳይሬክተሩ ኬቨን ያገር ታሪኩ በዘመን ቅደም ተከተል እንዲሄድ ነበር የፈለገው። እንዲህ ሲሆን ፒንሄድ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስቱዲዮው ቶሎ እንዲታይ ፈለገ። ለውጥ በለውጥ ላይ ተጠየቀ፤ ያገር ሥራውን ትቶ ወጣ። ጆ ቻፔል የሚባል ሌላ ዳይሬክተር ተጨማሪ ትዕይንት ቀርጾ ጨረሰው። ፊልሙ ከጠፈር ጣቢያው ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሰ እንዲተርክ ሆኖ ተቆራርጦ ተቀጠለ። ያገር ስሙ እንዲነሳ ጠየቀ። በ1996 ሲወጣ በዳይሬክተርነት የተጻፈው አለን ስሚዚ የሚል ስም ነው። እንዲህ የሚባል ሰው የለም። የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር፣ አባሉ ፊልሙ ከእጄ ወጥቷል ብሎ ሲያሳምነው እንዲጠቀምበት ያዘጋጀው ስም ነበር።

ገቢው ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። በዚህ ተከታታይ ውስጥ በመላ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው የመጨረሻው ፊልም ይህ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለ ስም

ቀጥሎ የመጣው ስሌት ቀላል ነው። ፊልምን ሲኒማ ቤት ማስገባት ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ማስታወቂያው ብቻውን ከቀረጻው ሊበልጥ ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን በየሰፈሩ ካሴትና ዲቪዲ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ሰው መደርደሪያውን ሲቃኝ የሚያውቀውን ፊት ካየ ያነሳዋል። ስለዚህ ፊልሙ ጥሩ መሆን የለበትም፤ ሽፋኑ ላይ ፒንሄድ መኖሩ ይበቃል። ከ2000 እስከ 2005 እንደዚህ አራት ፊልሞች ወጡ።

ሁሉም መጥፎ አይደሉም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ፍትሕ ማጉደል ነው። «ኢንፌርኖ»ን (2000) የሠራው ስኮት ዴሪክሰን ነው። ያኔ ጀማሪ ነበር። በኋላ «ዶክተር ስትሬንጅ»ን የሠራው እሱ ነው። ታሪኩ ሚስቱን የሚያታልል፣ ማስረጃ የሚያጠፋ፣ ዕፅ የሚጠቀም አንድ መርማሪ ፖሊስ ነው። ሳጥኑን ይከፍታል፤ ከዚያ በራሱ ጥፋት ውስጥ መዞር ይጀምራል። ፒንሄድ የሚመጣው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ፍርድ ሰጥቶ ይሄዳል። ተጠንቅቆ የተሠራ ፊልም ነው። ቀጥሎ የመጣው «ሄልሲከር» ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም ጀግና የሆነችውን የላሪን ልጅ ክርስቲን መለሳት፤ አሽሊ ሎረንስ ራሷ ተጫወተችው። ባሏ ሊያጠፋት ሲዶልት እሷ ከፒንሄድ ጋር ምን እንደተዋዋለች የሚገለጥበት መጨረሻ አለው። እዚያ ላይ ምኞትና ውል ለአፍታ ተመልሰው ይታያሉ።

ሁለቱ የ2005 ፊልሞች ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። «ዴደር» መነሻው ከሄልሬይዘር ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ስክሪፕት ነው። ሙታንን አስነሳለሁ የሚል የቡድን መሪን የምትከታተል ጋዜጠኛ ታሪክ ነበር። ኩባንያው ስክሪፕቱ በእጁ ነበረ፣ የሄልሬይዘር ስምም በእጁ ነበረ፤ አንድ ላይ ሰፋቸው። ስፌቱ ፊልሙ ላይ ይታያል። ጋዜጠኛዋ የራሷ ታሪክ አላት፣ ስለ ልጅነቷ የሚያም ነገር አላት፤ ፒንሄድ ብቅ ባለ ቁጥር ግን ታሪኳ ይቋረጣል። «ሄልወርልድ» ደግሞ በሄልሬይዘር ስም የተሠራ የኢንተርኔት ጌም የሚጫወቱ ወጣቶችን ወደ አንድ ግብዣ ይወስዳል። ሁለቱም ሩማንያ ውስጥ ተከታትለው ተቀረጹ፤ እዚያ ቀረጻ ይረክሳል። በ«ሄልወርልድ» ውስጥ በኋላ ሱፐርማን የሆነውን ሄንሪ ካቪልን በወጣትነቱ ታገኙታላችሁ።

ዳግ ብራድሌይን ልብ በሉት። በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ሜካፑን ተለጥፎ፣ ጥቂት መስመር ተሰጥቶት፣ ያንኑ ክብደት ይዞ ይቆማል። ስክሪፕቱ የማይገባው ድምፅ ነው የሰጠው። ከማንም በላይ የማከብረው እሱን ነው።

ውሉ ሲጫን

ከ2006 ገደማ ጀምሮ ዳይሜንሽን የመጀመሪያውን ፊልም በትልቅ በጀት እንደገና ሊሠራ አሰበ። ፈረንሳውያኑ ጁሊየን ሞሪና አሌክሳንደር ቡስቲዮ ተያዙ፤ አልሆነም። የአገራቸው ልጅ ፓስካል ሎዢዬ መጣ፤ እሱም አልሆነም። ሌሎችም ሞከሩ። ዓመታት አለፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው አሠራር አለ። አንድ ኩባንያ የአንድን ተከታታይ መብት ሲይዝ ውሉ ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። በተባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ፊልም ካልሠራ መብቱ ይሄዳል። ፊልሙ ምን ያህል ጥሩ መሆን እንዳለበት ግን ውሉ አይልም። «ሬቬሌሽንስ» የተወለደው ከዚህ ነው። ሪሜኩ አልደረሰም፣ ቀኑ ግን ደረሰ። ስለዚህ መብቱን የሚያቆይ ፊልም በፍጥነት ተሠራ። ብራድሌይ አልሳተፍም አለ። ስቴፈን ስሚዝ ኮሊንስ ሚስማሩን ለበሰ፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። ፊልሙ የመጀመሪያውን ታሪክ ቁርጥራጮች ይደግማል፤ ከሴኖባይቶች ያመለጠ ሰው፣ የሰው ቆዳ መልበስ፣ የሚሰባሰብ ቤተሰብ። ግን ማንም ምንም በጥልቅ አይመኝም።

አሥረኛው «ጀጅመንት»ም ለዚሁ ዓላማ የተሠራ ነው፤ በ2016 ኦክላሆማ ውስጥ ተቀርጾ በ2018 ወጣ። ጽፎ ዳይሬክት ያደረገው ጋሪ ተኒክሊፍ ነው። ይህ ሰው ከክፍል 3 ጀምሮ የተከታታዩ ሜካፕ ባለሙያ ነበር። ለዚህ ዓለም ያለው ፍቅር በግልጽ ይታያል። ሲኦል ውስጥ የኃጢአተኛን ዝርዝር በጽሕፈት መኪና የሚመዘግብ ቢሮ ፈጠረ። የፊልሙ መጀመሪያ እውነተኛ አዲስ ነገር አለው። ከዚያ ገንዘቡ የፈቀደለት ያህል ብቻ ተራመደና ወደ ተራ የፖሊስ ታሪክ ገባ። ሐሳብ አልቆ ነበር የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ ወደዚህ ፊልም ነው የምልከው። ሐሳብ ያለው ሰው እዚያው ነበር፤ የተሰጠው ግን ቀኑን ለማሟላት የሚበቃ ገንዘብ ነው።

ምናልባት ችግሩ ፊልሙ ከሲኒማ ወደ ዲቪዲ መውረዱ ነው የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የቻኪ ተከታታይ ነው፤ ያ ገዳይ አሻንጉሊት። ከ1988 እስከ 2017 በወጡት ሰባቱም ፊልሞች ጽሑፍ ላይ እጁ ያለበት አንድ ሰው አለ፣ ዶን ማንቺኒ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀጥታ ለዲቪዲና ለመሳሰለው የተሠሩ፣ በጀታቸውም ትንሽ ነው። ሆኖም የ2013ቱ «ከርስ ኦፍ ቻኪ» ከቀደሙት ጥቂቶቹ ይልቅ በተቺዎች ዘንድ ተወደደ። ማንቺኒ ከፊልም ፊልም ቃናውን ቀይሯል፣ አንዳንዴም ስቷል። ግን ቀጥሎ ምን ልበል ብሎ የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ ነበረ። ሄልሬይዘር ከክፍል 4 በኋላ ያጣው ይህን ሰው ነው። ባርከር በሕይወት አለ፣ ይጽፋል፣ ይሥላል፤ በገዛ ፍጥረቱ ላይ ግን ማዘዝ አልቻለም።

መብቱ ሲመለስ

በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ለደራሲያን የተተወ አንድ በር አለ። ደራሲ መብቱን አሳልፎ ከሰጠ ከ35 ዓመት በኋላ፣ አስቀድሞ በሥርዓቱ አሳውቆ፣ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሕጉ የወጣው ጀማሪ ሆነው በርካሽ የሸጡ ሰዎች ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኙ ነው። ባርከር ይህን በር አንኳኳ። ክርክር ተነሳ፣ በ2020 በስምምነት አለቀ። በታኅሣሥ 2021 በአሜሪካ ውስጥ ያለው መብት ወደ እሱ ተመለሰ። ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ሕጉ አይነካውም።

ዳይሜንሽንን የያዘው የዋይንስቲኖቹ ኩባንያ በዚህ መሐል በ2018 ከስሮ ንብረቱ ለሌሎች ተላልፏል። አዲሱ ባለቤት ስፓይግላስ በዴቪድ ብሩክነር ዳይሬክተርነት አዲስ «ሄልሬይዘር» ሠርቶ በጥቅምት 2022 «ሁሉ» (Hulu) በሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ ለቀቀው። ባርከር ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሆነ። ፒንሄድን ጄሚ ክሌይተን ተጫወተችው። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ አትቸኩልም፣ አታሳድድም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሪሊ ከሱስ ለመላቀቅ የምትታገል ወጣት ናት፤ ሳጥኑ እጇ የገባው ገንዘብ ይገኝበታል ብላ በገባችበት ስርቆት ነው። ከዚያ በኋላ ያጣችውን ሰው ይመልስልኝ ይሆን እያለች ልትጥለው አልቻለችም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ይረዝማል፣ መካከሉ ላይ ይጎተታል፣ ከመጀመሪያው ፊልም ሙቀትና እርጥበትም ብዙ ይጎድለዋል። ግን አንዲት ሴት ያንን ሳጥን ለምን ከእጇ እንደማታስቀምጠው ይገባኛል። ከ«ሄልሲከር» ወዲህ በዚህ ተከታታይ ውስጥ ይህን የምልበት የመጀመሪያው ፊልም ነው።